ከነፍሳቸው ጋር ሒሳብ የተሳሰቡት ሊቅ፤ የኢማም አቡ ሐሚድ አልገዛሊ ታሪክ

ሰውን ፈጥሮ ልብ ለሰጠው፥ ልቡንም በመልካም ሥራ የሚጠራ፥ በክፉ ሥራ የሚዝግ አድርጎ ላበጀለት ለአላህ ምስጋና ይገባል። በነቢያችን በሙሐመድ፥ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ሰላምና በረከት ይውረድ።

ከዚህ በኋላ፤ አንባቢ ሆይ፥ ማታ ሱቅህን ከመዝጋትህ በፊት የቀኑን ገቢና ወጪ ታስባለህ። ከሸሪክህ ጋር ስትተሳሰብ ጥቂት ገንዘብ ቢጎድል መዝገቡን ደጋግመህ ታገላብጣለህ፤ ጉድለቱ በየት በኩል እንደ ገባ ሳታውቅም በሰላም አትተኛም። ይህ የሚያስነቅፍህ አይደለም፥ አስተዋይ ነጋዴ ሁሉ የሚያደርገው ነው። ነገር ግን የገዛ ነፍስህን፥ ዛሬ ምን ተናገርሽ፥ ማንን አሳዘንሽ፥ በማን ላይ ቀናሽ ብለህ የጠየቅህባቸው ምሽቶች ስንት ይሆናሉ? ከዘጠኝ መቶ ዓመት በፊት በባግዳድ ከተማ ይኖሩ የነበሩ አንድ ታላቅ ሊቅ ይህን ጥያቄ በራሳቸው ላይ አቀረቡ፤ ያገኙትም መልስ አንደበታቸውን ዘጋ፥ ከክብር ወንበራቸው አስነሣቸው፥ ከአገር ወደ አገርም አንከራተታቸው። የምነግርህ የእኒህን ሰው ታሪክ ነው።

ሊቁ ኢማም አቡ ሐሚድ አልገዛሊ ናቸው፥ አላህ ይዘንላቸው። የራሳቸው ስም ሙሐመድ፥ የአባታቸው ስም ሙሐመድ፥ የአያታቸውም ስም ሙሐመድ ነበር። በ450 ዓመተ ሂጅራ (1058 እ.ኤ.አ.) በኹራሳን ምድር ጡስ በምትባል ከተማ ተወለዱ፤ ይህችም ስፍራ ዛሬ በኢራን ሰሜን ምሥራቅ፥ በመሽሀድ ከተማ አቅራቢያ የምትገኘው ናት። አባታቸው የሱፍ ክር እየፈተሉ በሱቃቸው የሚሸጡ ድኻ ሰው ነበሩ። ገዛል ማለት በዐረብኛ ፈታይ ማለት ስለ ሆነ የሊቁ ስም ከአባታቸው ሞያ የመጣ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ሌሎች ደግሞ ገዛላ ከምትባል መንደር ነው ይላሉ። ለነጋዴና ለእጅ ሞያተኛ አንባቢ የፊተኛው ቃል ይበልጥ ደስ ሳያሰኘው አይቀርም።

እኒህ ፈታይ ማንበብና መጻፍ አልተማሩም። ነገር ግን ከሥራቸው በኋላ ወደ ሊቃውንት ጉባኤ እየሄዱ ይቀመጡ ነበር። የሕግ ሊቃውንትን ንግግር ሲሰሙ አልቅሰው ሊቅ የሆነ ልጅ እንዲሰጣቸው አላህን ይለምናሉ፤ የሰባኪዎችን ቃል ሲሰሙም ሰባኪ የሆነ ልጅ እንዲሰጣቸው ይለምናሉ። ሁለቱም ልመናቸው ተሰማላቸው፤ ሙሐመድ የዘመኑ ታላቅ ሊቅ፥ ታናሽ ወንድሙ አሕመድም ስመ ጥሩ ሰባኪ ሆኑ። አባት ግን ይህን ለማየት አልታደሉም። የሞታቸው ሰዓት በቀረበ ጊዜ ያላቸውን ጥቂት ገንዘብ ለአንድ ደግ ወዳጃቸው ሰጥተው፥ እኔ ያመለጠኝን ትምህርት በእነዚህ ልጆቼ ላይ ማግኘት እሻለሁና ገንዘቡን ሁሉ ለትምህርታቸው አውለው ብለው ዐደራ አሉት።

ወዳጁም ዐደራውን ጠበቀ። ገንዘቡ ባለቀ ጊዜ ግን እርሱ ራሱ ድኻ ስለ ነበረ፥ ልጆቹን ጠርቶ ከእንግዲህ የምመግባችሁ የለኝምና ለተማሪዎች ቀለብ ወደሚሰጥበት መድረሳ ሂዱ አላቸው። እነርሱም ሄዱ። ሊቁ ካረጁ በኋላ ይህን እያስታወሱ፥ ዒልምን የፈለግነው ለአላህ ብለን አልነበረም፥ ዒልሙ ግን ከአላህ በቀር ለሌላ መሆንን እምቢ አለ የሚል ነገር ይናገሩ ነበር። ልጅህ ወደ ትምህርት የሚሄደው ከአንተ ቁጣ ፈርቶ ወይም ከጓደኞቹ ጋር ለመጫወት ብቻ እንደ ሆነ አይተህ ተስፋ የቈረጥህ አባት ብትሆን ይህን ቃል ልብ በለው።

ሙሐመድ በጡስ ከተማሩ በኋላ ወደ ጁርጃን ሄደው ከመምህራቸው የሰሙትን ሁሉ በደብተር እየጻፉ አከማቹ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ በመንገድ ላይ ሽፍቶች ዘረፏቸው። እርሳቸውም ሽፍቶቹን ተከትለው፥ ሌላውን ውሰዱ፥ ደብተሬን ግን መልሱልኝ፥ ለእናንተ አይጠቅማችሁም፥ የተሰደድሁት በእርሱ ያለውን ለማወቅ ነው ብለው ለመኑ። የሽፍቶቹ አለቃ ሳቀና፥ ደብተሩን ስንወስድብህ ያለ ዕውቀት የምትቀር ከሆነ እንዴት ዐወቅሁ ትላለህ ብሎ መለሰላቸው፤ ደብተሩንም ሰጣቸው። ይህ ቃል ከአላህ የተላከ ተግሣጽ ሆኖ ስለ ተሰማቸው፥ ጡስ ገብተው ሦስት ዓመት ሙሉ የጻፉትን ሁሉ በቃል እስኪይዙት ድረስ ተቀመጡ። ነገሩን የጻፈው አስሱብኪ የተባለ የታሪክ ሊቅ ነው። ሊቁ ከመምህራን ሁሉ ያላገኙትን ትምህርት ከሽፍታ አፍ አገኙ፤ ዕውቀት ከሰውየው ጠባይ ጋር ካልተዋሐደ ሌባ ሊወስደው የሚችል ዕቃ ነው ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ወደ ኒሳቡር ሄደው በኢማሙል ሐረመይን አልጁወይኒ እግር ሥር ተማሩ። መምህራቸው በ478 ዓመተ ሂጅራ (1085 እ.ኤ.አ.) ባረፉ ጊዜ ወደ ታላቁ ወዚር ወደ ኒዛሙል ሙልክ ሰፈር ሄዱ፤ በዚያም ሊቃውንት በወዚሩ ፊት ይከራከሩ ነበርና ሁሉን በክርክር አሸነፉ። በ484 (1091) ወዚሩ በባግዳድ ባቆመው በኒዛሚያ መድረሳ ላይ መምህር አድርጎ ሾማቸው። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ገና ሠላሳ አራት ዓመት ያህል ነበር።

አንባቢ ሆይ፥ በባግዳድ የነበረውን ክብራቸውን ለመገመት የሚረዳህ አንድ የነጋዴ ሒሳብ ልስጥህ። ወደ ከተማይቱ በገቡ ጊዜ የለበሱትን ልብስና የተቀመጡባትን እንስሳ ያዩ ሰዎች ዋጋውን ገምተው አምስት መቶ ዲናር አደረሱት ይባላል። ሦስት መቶ ተማሪዎች በፊታቸው ይቀመጡ ነበር። ኸሊፋው ያማክራቸዋል፥ መኳንንቱ ይፈሯቸዋል፥ ከሩቅ አገር የሚመጣ ጥያቄ ሁሉ ወደ እርሳቸው ይላካል። በትርፍ ሰዓታቸው የፈላስፎችን መጻሕፍት ያለ መምህር አንብበው ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ጠንቅቀው ዐወቁ፤ ተሀፉቱል ፈላሲፋ የተባለውንም መጽሐፍ ጽፈው ስለ አላህና ስለ ዓለም መፈጠር የተናገሩትን ተቃወሙ።

ይሁን እንጂ ፈላስፎቹን በጅምላ አልጣሏቸውም። ስለ ሰው ጠባይና ስለ ነፍስ አገራር የተናገሩት ብዙ እውነት እንዳለበት መስክረዋል፤ ብልህ ገንዘብ መንዛሪ ከአጭበርባሪ ከረጢት ውስጥ እጁን አግብቶ ጥሩውን ወርቅ ከሐሰተኛው እንደሚለይ፥ ዐዋቂም እውነትን ከማንም አፍ ይወስዳል ብለዋል። የሰው ጠባይ ሥሮች አራት ናቸው፤ እነርሱም ጥበብ፥ ጀግንነት፥ ራስን መግዛትና ፍትሕ ናቸው የሚለውን የጥንት የግሪኮች ትምህርት፥ ከእርሳቸው በፊት ሚስከወይህ የተባለው ሊቅ በዐረብኛ አስፍቶት ነበርና፥ ኢማሙ ወስደው ከቁርኣንና ከሱንና ጋር አስማሙት። ክርክሩን የሚያሸንፉ ሰው ግን ራሳቸውን ገና አላሸነፉም ነበር።

በ488 ዓመተ ሂጅራ በረጀብ ወር (1095 እ.ኤ.አ.) የሆነውን ራሳቸው አልሙንቂዝ ሚነድደላል በተባለው መጽሐፋቸው ገልጠዋል። ሥራቸውን ሁሉ መረመሩ። ከሥራዎቻቸው የሚሻለው ማስተማር ሆኖ ታያቸው። ከዚያም ለምን አስተምራለሁ ብለው ጠየቁ። መልሱ ለአላህ ብዬ ሳይሆን ስሜ እንዲጠራ፥ ክብሬ እንዲሰፋ ነው የሚል ሆነ። ሊናድ በቀረበ ገደል አፋፍ ላይ ቆመው ራሳቸውን አዩ። ልብ በል፤ ሰውየው አልሰረቁም፥ አልዋሹም፥ ሐራም አልበሉም። ሸቀጡ ጥሩ ነበር፥ ሚዛኑም ትክክል ነበር። የጎደለው ኒያ ነው፤ ኒያ ደግሞ ከሰው ዐይን የተሰወረ ስለ ሆነ ከባለቤቱ በቀር የሚያውቀው ከሰው ልጅ የለም።

ስድስት ወር ያህል በዚህ መከራ ቈዩ። አንድ ቀን ባግዳድን ለቅቀው ሊወጡ ይቈርጣሉ፥ በማግሥቱ ይተዉታል። አንዱን እግር ወደ ፊት ሲያነሡ ሁለተኛው ወደ ኋላ ይቀራል። ጧት አኺራን የመፈለግ ሐሳብ በርትቶ ቢነሣ፥ ማታ የምኞት ሠራዊት መጥቶ ይበትነዋል። ሸይጣን በአንድ በኩል፥ ይህ የሚያልፍ ሕመም ነው፥ ይህን ሁሉ ክብር ጥለህ ሄደህ በኋላ ብትጸጸት ዳግመኛ አታገኘውም ይላቸዋል፤ በሌላ በኩል ደግሞ ዕድሜህ እያለቀ ነው፥ ዛሬ ካልተነሣህ መቼ ትነሣለህ የሚል ድምፅ ይሰማቸዋል። በመጨረሻ ነገሩ ከምርጫቸው ወጣ። አላህ አንደበታቸውን ቈለፈ። ተማሪዎቹን ለማስደሰት ብለው አንድ ቀን እንኳ ለማስተማር ታገሉ፥ ቃል ከአፋቸው አልወጣም። ከዚያም ሐዘን ልባቸውን ያዘ፤ ምግብ አልዋጥ አለ፥ የዋጡትም አልፈጭ አለ። ሐኪሞች ተስፋ ቈርጠው፥ ይህ ልብ ላይ ወርዶ ወደ ሰውነት የተሻገረ ነገር ነውና ልብ ካላረፈ መድኃኒት የለውም አሉ።

ያን ጊዜ እንደ ተጨነቀ ሰው ወደ አላህ ጮኹ፤ ክብርን፥ ገንዘብን፥ ልጆችንና ወዳጆችን መለየት ቀለለላቸው። ኸሊፋውና ወዳጆቻቸው እንዳይከለክሏቸው ወደ መካ እሄዳለሁ ብለው አስወርተው፥ በልባቸው ግን ወደ ሻም ለመሄድ ቈርጠው በዙልቀዕዳ ወር ወጡ። የማስተማሩን ወንበር ለወንድማቸው ለአሕመድ ተዉ፥ ለልጆቻቸው የሚበቃውን ያህል አስቀርተው የቀረውን ገንዘብ አካፈሉ። የባግዳድ ሰው ምክንያቱን አጥቶ ተሸበረ፤ አንዱ ከመንግሥት ጋር ተጣልተው ነው ሲል፥ ሌላው የሰው ዐይን በልቷቸው ነው አለ። በዘመናችንም፥ ኒዛሙል ሙልክ በ485 (1092) ስለ ተገደለ ፈርተው ነው የሚሉ የታሪክ ጸሓፊዎች አሉ። ፍርሃት ከልባቸው አልነበረም ብሎ የሚምል ሰው የለም፤ ይሁን እንጂ በስሙ የታወቀ ሰው ስለ ራሱ ይህን የመሰለ ውርደት ጽፎ ለዓለም ሲያስነብብ፥ ቃሉን ከመቀበል ይልቅ ሌላ ምክንያት መፈለግ ለእኔ የሚያሳምን አይደለም።

እዚህ ላይ ባለ ትዳር አንባቢ እንዳይሳሳት እፈራለሁ። ኢማሙ ቤተ ሰባቸውን ለልመና አልተዉም፤ አስቀድመው ቀለባቸውን አዘጋጁ፥ በኋላም የልጆቻቸው ጥሪ ወደ አገራቸው መለሳቸው። ሚስቱንና ልጆቹን ያለ ቀለብ ጥሎ ኻልዋ ገባሁ የሚል ሰው የኢማሙን ስም መጥራት አይገባውም።

በሻም ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተቀመጡ። በደማስቆ ታላቁ መስጊድ ሚናራ ላይ ወጥተው በሩን በራሳቸው ላይ ዘግተው ቀኑን ሙሉ ብቻቸውን ይውላሉ። በቁድስ ከተማም እንደዚሁ በሰኽራ ጉልላት ውስጥ በሩን ዘግተው ይቀመጡ ነበር። በ489 በኸሊል ከተማ በነቢዩ ኢብራሂም መቃብር አጠገብ ቆመው ሦስት ነገር ተሳሉ፤ ወደ ሱልጣን ቤት ላይሄዱ፥ የሱልጣንን ገንዘብ ላይቀበሉ፥ ለመሸናነፍም ላይከራከሩ። ሐጅም አደረጉ። ወደ ባግዳድ ለጥቂት ጊዜ ተመልሰው በመጡ ጊዜ እነዚያ ሰዎች ልብሳቸውን እንደ ገና ገመቱት፤ አሁን ዐሥራ አምስት ቂራጥ ብቻ አወጣ ይባላል፥ ይኸውም አንድ ዲናር እንኳ የማይሞላ ነው።

በዚህ በብቸኝነት ዘመናቸው ኢሕያኡ ዑሉሚድዲን የተባለውን፥ ትርጓሜውም የሃይማኖት ዕውቀቶችን ሕያው ማድረግ የሆነውን ታላቅ መጽሐፍ ጻፉ። በአራት ክፍል የተከፈለ አርባ መጽሐፍ ነው፤ የመጀመሪያው ክፍል ስለ ዒባዳ፥ ሁለተኛው ስለ ዕለት ኑሮ፥ ሦስተኛው ሰውን ስለሚያጠፉ ጠባዮች፥ አራተኛው ስለሚያድኑት ነው። በዕለት ኑሮ ክፍል ውስጥ ስለ ንግድና ስለ ገቢ ማግኘት ራሱን የቻለ መጽሐፍ አለ። እስቲ ከዚያ አንድ ታሪክ ስማ።

በበስራ ዩኑስ ኢብን ዑበይድ የሚባሉ ልብስ ሻጭ ነበሩ። አንዳንዱ ልብስ አራት መቶ ዲርሃም፥ አንዳንዱም ሁለት መቶ ያወጣ ነበር። ለሶላት ሲሄዱ የወንድማቸውን ልጅ በሱቁ ተዉት። አንድ የገጠር ዐረብ መጥቶ ባለ አራት መቶውን ልብስ ጠየቀ፤ ልጁም ባለ ሁለት መቶውን አቀረበለት። ሰውየው ወደደውና አራት መቶ ከፍሎ ወጣ። ዩኑስ በመንገድ ሲያገኙት ልብሱን ዐወቁት፤ በስንት እንደ ገዛው ጠይቀው ከሁለት መቶ በላይ አያወጣምና ተመለስ አሉት። ሰውየው ግን፥ በአገሬ አምስት መቶ ያወጣል፥ እኔም ወድጄዋለሁ አለ። እርሳቸው ግን ይዘውት ሄደው ሁለት መቶውን መለሱለት፤ የወንድማቸውንም ልጅ አላህን አታፍርምን ብለው ገሠጹት። ልጁ ሰውየው ወድዶ ነው የገዛው ብሎ መለሰ፤ እርሳቸውም፥ ታዲያ ለራስህ የምትወደውን ለምን አልወደድህለትም አሉት። ገዢ ወድዷል የሚለው የልጁ ምክንያት በዛሬው ገበያ የሚሰማ አይደለምን? ኢማሙ ግን ይህን ታሪክ ያመጡት ስለ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ነጋዴ በሱቁ ሲቀመጥ ከሸቀጡ ጋር ነፍሱም በሚዛን ላይ እንዳለች ለማሳየት ነው።

ሰውን ስለሚያጠፉ ጠባዮች በተናገሩበት ክፍል ውስጥ ነፍስን ስለ መግራት የሚናገር መጽሐፍ አለ። በዘመናቸው፥ ጠባይ እንደ ቁመት ነው፥ አጭር ሰው ረዥም ሊሆን እንደማይችል ክፉ ጠባይም አይለወጥም የሚሉ ሰዎች ነበሩ። ኢማሙ ይህን አልተቀበሉም። ጠባይ የማይለወጥ ቢሆን ምክርና ተግሣጽ ሁሉ ከንቱ በሆነ ነበር፤ የዱር እንስሳ እንኳ ተገርቶ ይለምዳል። ቁጣንና ምኞትን ከሥራቸው ነቅለህ ጣል አላሉም፤ ምኞት ባይኖር ሰው ባልበላ፥ ቁጣም ባይኖር ራሱን ባልጠበቀ ነበር። ዐቅል አዳኝ ነው፥ ምኞት ፈረሱ፥ ቁጣም ውሻው ነው፤ ፈረሱ የተገራ፥ ውሻውም የሠለጠነ እንደ ሆነ አደኑ ይሠምራል፥ አለዚያ አዳኙ ራሱ ይጠፋል።

መግራቱ እንዴት ነው ብትል፥ በሥራ ነው ይላሉ። መልካም ጸሓፊ መሆን የሚሻ ሰው የጸሓፊን እጅ እየተመለከተ ዘወትር ይጽፋል፤ መጀመሪያ እያስመሰለ በግድ፥ በመጨረሻ ግን ጽሕፈቱ ከእጁ በቀላሉ ይወጣል። ቸር መሆን የሚሻ ስስታምም እንዲሁ ነው፤ ልቡ እያመመው ይሰጣል፥ ደግሞም ይሰጣል፥ መስጠት እስኪጣፍጠው ድረስ። በአንድ ቀን መስጠት ቸር አይሆንም፥ በአንድ ቀን መከልከልም ስስታም አይባልም። የሰውነት ሥራ በልብ ላይ ምልክት ይተዋል፥ የልብም ጠባይ ወደ ሰውነት ሥራ ይመለሳል፤ እየዞረ የሚሄድ ነገር ነው።

በዚሁ መጽሐፍ፥ ዝናን እንዳያተርፍበት ፈርቶ ገንዘቡን በባሕር ስለ ጣለ አንድ ሰው ይተርካሉ። ኢብን አልጀውዚ የተባሉት የባግዳድ ሊቅ ይህን በብርቱ ነቅፈዋል፤ ገንዘብን ማጥፋት በሸሪዓ ክልክል ነውና። ነቀፋውም ትክክል ነው። እኒሁ ነቃፊ ግን መጽሐፉን አልጣሉትም፤ ስሕተት ያሉትን አውጥተው አሳጥረው ጻፉት። በውስጡ ደካማ ሐዲሶች መኖራቸውንም ሊቃውንት ያውቃሉ፤ አልዒራቂ የተባሉት የሐዲስ ሊቅ እያንዳንዱን መርምረው ደረጃውን አስታውቀዋል።

እናትና አባት የሆናችሁ አንባቦች ሆይ፥ ስለ ልጅ አስተዳደግ የጻፉትን ለእናንተ ለብቻ እለየዋለሁ። የሕፃን ልብ ምንም ያልተቀረጸበት ንጹሕ ዕንቍ ነው፤ ወደ ጎነበሱበት ይጎነበሳል። መልካም ሲሠራ በሰው ፊት አመስግኑት። አንድ ጊዜ ቢያጠፋና ጥፋቱን ሊሰውር ቢሞክር እንዳላያችሁ እለፉት፤ ቢደግመው ግን በስውር ገሥጹት። ዘወትር አትዝለፉት፥ ዘለፋ ሲበዛበት ቃላችሁ ከልቡ ይወድቃልና። አባቱ ባለው ሀብት በጓደኞቹ ላይ እንዳይኮራ ከልክሉት፤ የድኻ ልጅም ቢሆን ክብር ከመቀበል ይልቅ በመስጠት እንደ ሆነ አስተምሩት። ከትምህርት ሲመለስም እንዲጫወት ፍቀዱለት፤ ጨዋታን መከልከልና ሁልጊዜ ማስጠናት ልቡን ይገድላል፥ ከትምህርቱም የሚያመልጥበትን ዘዴ እንዲፈልግ ያደርገዋል። ይህን የጻፉት በልጅነታቸው አባት ያጡ፥ ለእንጀራ ብለው መድረሳ የገቡ ሰው ናቸው።

አሁን ወደ ጀመርነው ሒሳብ እንመለስ። ኢማሙ በመጽሐፋቸው መጨረሻ አካባቢ ሰውን በነጋዴ መሰሉት። ዐቅል ነጋዴ ነው፥ ነፍስ ሸሪኩ ናት፥ ዕድሜ መነሻ ገንዘብ ነው፥ ትርፉም የአኺራ መዳን ነው። ነጋዴ ከሸሪኩ ጋር አስቀድሞ ውል ይዋዋላል፤ አንተም ከፈጅር ሶላት በኋላ ጥቂት ተቀምጠህ ከነፍስህ ጋር ተዋዋል፤ ዐይንሽን፥ ምላስሽን፥ ሆድሽን፥ እጅሽን በዚህና በዚህ ጠብቂ በላት። ነጋዴ ሸሪኩን በሥራ ላይ ሳለ ይመለከተዋል፤ አንተም ቀኑን ሙሉ ተመልከታት። ማታ ተሳሰባት። ውሉን ካፈረሰች ቅጣት፤ ሆድ አጠራጣሪ ጉርሻ ቢበላ በረኃብ፥ ዐይን የማይገባውን ቢያይ ማየትን በመከልከል ይቀጣል። ከሰነፈች ደግሞ የዒባዳ ሥራ ጨምርባት፥ ሁልጊዜም ገሥጻት። ኢማሙ ከዚህ ቀደም የነበሩትን የሐሪስ አልሙሓሲቢን መጻሕፍት አንብበዋል፤ የዚያ ሰው መጠሪያ ራሱ ከመተሳሰብ የመጣ ነው። ነገሩን በነጋዴ ቋንቋ እንዲህ አስፍቶ የጻፈው ግን የፈታዩ ልጅ ነው።

ከዚያም ሃያ አራቱን ሰዓት በሃያ አራት ሣጥን ይመስሉታል። በቂያማ ቀን ሣጥኖቹ አንድ በአንድ ይከፈታሉ። መልካም የተሠራበት ሰዓት ሣጥን በብርሃን ተሞልቶ ይገኛል፤ ኃጢአት የተሠራበት በጨለማና በክፉ ሽታ ተሞልቶ ይገኛል። በእንቅልፍ ወይም በዋዛ ያለፈው ሰዓት ሣጥን ግን ባዶ ነው፤ ባለቤቱም ብዙ ማትረፍ ሲችል በስንፍና ገበያው ያለፈበት ነጋዴ እንደሚጸጸት ይጸጸታል። ደግሞ ኢብኑስሲማ ስለ ተባለ ሰው ይተርካሉ። ስድሳ ዓመት በሆነው ጊዜ ዕድሜውን በቀን ቢመነዝረው ሃያ አንድ ሺህ አምስት መቶ ቀን ያህል ሆነበት፤ በቀን አንድ ኃጢአት ብቻ ሠርቼ እንደ ሆነ እንኳ በዚህ ሁሉ ኃጢአት ጌታዬን ልገናኝ ነውን ብሎ ጮኸና ወደቀ፥ ሲያዩትም ሞቶ ነበር። ስንቶቻችን ነን ዓመታችንን እንጂ ቀናችንን ቈጥረን የማናውቅ!

የገዛ ነውሩን ሰው እንዴት ያውቃል? ኢማሙ አራት መንገድ አሳይተዋል። ልብን የሚያውቅ ሸይኽ፥ እውነት የሚናገር ወዳጅ፥ የጠላት ምላስ፥ በሌላው ሰው ላይ ያየኸውን ነውር በራስህ መፈለግ። የፊተኞቹ ሁለቱ በዘመናቸው እንኳ ብርቅ እንደ ሆኑ ተናግረዋል። ጠላት ግን ለሁሉ ሰው አለው፤ ነውራችንን ከሚሸፍን ወዳጅ ይልቅ ጠላት የሚጠቅመን ጊዜ ብዙ ነው ይላሉ። ጎረቤትህ ነጋዴ በቅናት ስለ አንተ የሚያወራውን ስትሰማ ከመቈጣትህ በፊት እስቲ በዚህ ሚዛን አስቀምጠው።

ዐሥራ አንድ ዓመት ከማስተማር ከራቁ በኋላ፥ በ499 (1106) የኒዛሙል ሙልክ ልጅ ወዚር ፈኽሩል ሙልክ በኒሳቡር እንዲያስተምሩ አስገደዳቸው። ተመለሱ። ይህ መመለስ ኢብራሂም መቃብር አጠገብ ከተሳሉት ስእለት ጋር እንዴት ይስማማል የሚል ሰው ይኖራል፤ ጥያቄው ለእርሳቸውም የተሰወረ አልነበረም። በመልካቸው ተመለስሁ፥ በእውነቱ ግን አልተመለስሁም፤ ቀድሞ ያስተማርሁት ክብር የሚገኝበትን ዕውቀት ነበረ፥ አሁን የማስተምረው ክብርን የሚያስጥለውን ነው ብለው ጻፉ። ሰው ስለ ራሱ የሚሰጠው ምስክርነት ግን በሸንጎ ብቻውን አይበቃም፤ ስለዚህ የሌላ ሰው ምስክርነት ልጨምርልህ።

ዐብዱል ጋፊር አልፋሪሲ የተባሉት የኒሳቡር ኸጢብ ኢማሙን በወጣትነታቸው ያውቋቸው ነበር። ያን ጊዜ ሰውን በንቀት የሚያዩ፥ በንግግራቸውና በዕውቀታቸው የሚታበዩ፥ ለማንም የማይለሰልሱ እንደ ነበሩ አልደበቁም። ከስደት በተመለሱ ጊዜ ደጋግመው ሊያይዋቸው ሄዱ፤ ትሕትናቸውንም ባዩ ጊዜ ማስመሰል መሰላቸው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ተከታትለው መረመሯቸው። በመጨረሻም ነገሩ ካሰቡት የተለየ ሆኖ አገኙት፤ ሰውየው ከእብደት የዳነ ያህል ተለውጠው ነበር ብለው ጻፉ። የሚጠራጠር ምስክር መርምሮ ሲያምን ቃሉ ከወዳጅ ውዳሴ ይልቅ ይከብዳል።

በኒሳቡር ብዙ አልቈዩም። ወደ ጡስ ተመልሰው በቤታቸው አጠገብ ለተማሪዎች መድረሳ፥ ለሱፊዎችም ማረፊያ ሠርተው ጊዜያቸውን ቁርኣን በማኽተም፥ በማስተማርና ከደጋጎች ጋር በመቀመጥ ከፋፈሉት። የሌላውን ሁሉ መምህር ከሆኑ በኋላም የቡኻሪንና የሙስሊምን የሐዲስ መጻሕፍት እንደ ተማሪ ሆነው መስማት ጀመሩ።

በ505 ዓመተ ሂጅራ ጁማደል አኺራ 14 ቀን (ታኅሣሥ 18 ቀን 1111 እ.ኤ.አ.) ሰኞ ጧት ነው ያረፉት። ወንድማቸው አሕመድ እንደ ተናገረው፥ በጎሕ ዉዱእ አድርገው ሰገዱ፤ ከፈናቸውን እንዲያመጡላቸው ጠየቁ፥ ተቀብለው ሳሙት፥ በዐይናቸውም ላይ አደረጉት፤ ወደ ንጉሡ ለመግባት መታዘዜ ነው የሚል ቃል ተናግረው እግራቸውን ዘርግተው ወደ ቂብላ ዞሩ፤ ፀሓይ ሳትወጣም ነፍሳቸው ወጣች። በጡስ በጠበራን ተቀበሩ። ወንድ ልጅ አልተዉም፥ ሴቶች ልጆች ብቻ ነበሯቸው። ከውርስና ከሥራቸው ያገኙት ለእርሳቸውና ለቤተ ሰባቸው ቀለብ ይበቃ ስለ ነበር፥ መኳንንቱ ብዙ ገንዘብ ቢያቀርቡላቸውም አልተቀበሉም፤ ከማንም ሰው ዘንድ ሳይለምኑ የሚያድሩበትን ያህል ብቻ ይዘው ኖሩ።